መነጽር ያደረገው አንበሳ

(አሞራ ገደል፣ ሐይቅ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ። ዓሳ የሚጠበስበት ዳስ። ጋሽ ይልማ ከእርሻ ቢሮ ጡረታ የወጣ የሰፈር ሽማግሌ ነው። ጎረቤቱ ታምሩ ጎሚስታ ነው፤ ጥፍሩ ውስጥ የጎማ ጥቁር አለ። መሃላቸው አንድ ትሪ የቆሮሶ ዓሳ ጥብስ፣ በይልማ በኩል ደግሞ አዲስ ባለ መስታወት ስልክ። ከዳሱ ውጭ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች አጥንት እስኪወረወር ቆመዋል። ክርክሩ ተጋግሏል።)

ታምሩ፦ ጣት ነው እያልኩዎት! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ልጅቷ ወደ ልጄ ጣቷን ቀስራለች።

ይልማ፦ ጣት አይደለም ማን አለ? የምን ጣት ነው፣ ጥያቄው እሱ ነው።

ታምሩ፦ የዛቻ ነዋ! ሰው ጣቱን የሚቀስረው «ቆይ፣ አገኝሃለሁ» ሲል ነው።

ይልማ፦ አንተ ሰውዬ፣ ፌስቡክ ላይ ፖክ ይባላል። ነካ ማድረግ ነው። በእኛ ጊዜ ሰርግ ቤት ግፊያ ውስጥ አንዷ ልጅ ክርንህን ነካ ታደርግህና «ይቅርታ» ትልህ አልነበር? እሱ ነው። ይቅርታው ቀርቷል እንጂ ያው ነው።

ታምሩ፦ እኔ የአባይነሽን ክርን ነክቼ አላውቅም።

ይልማ፦ ታዲያ እንዴት አገባሃት?

ታምሩ፦ እርስዎ አይደሉም እንዴ ሽማግሌ ሄደው ያጋቡን?

ይልማ፦ ይኸውልህ! በዚህ ከተማ ግማሹን ባለትዳር ያጋባሁት እኔ፣ ሌላውን ግማሽ ያስታረቅሁት እኔ። ስለ ፍቅር ከእኔ ጋር አትከራከር። ዓሳህን ብላ።

ታምሩ፦ ዓሳው አይወርድልኝም፣ ጋሽ ይልማ። ነገ ጠዋት ማትሪክ ነው። ልጄ ኤልናታን እህል በወጉ ከቀመሰ ሰነበተ። በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ ያፈጣል። «ምን ሆንክ ልጄ?» ስለው የሚመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲን አደረገችኝ»። ሐኪም ቤት ልወስደው ስል አባይነሽ «ይኼ የሐኪም አይደለም፣ የፌስቡክ ነው፤ ጋሽ ይልማ ጋ ሂድ» ብላ ላከችኝ።

ይልማ፦ አባይነሽ ብልህ ሴት ናት። ላንተ ልጠይቃት የሄድኩ ዕለትም ብልህ መሆኗን አይቼ አዝኜላት ነበር።

(የይልማ ስልክ «ጢው» ይላል። ይልማ እጁ ዘይት ስለሆነ በትንሿ ጣቱ አንጓ መስታወቱን ጫን ያደርጋል።)

ታምሩ፦ ስልክ ቀየሩ እንዴ?

ይልማ፦ ዘመኑን የሚያውቅ ሰው የዘመኑን ይይዛል።

ታምሩ፦ ማነው የጮኸው?

ይልማ፦ ማንም። መነጽር ያደረገ አንበሳ ነው።

ታምሩ፦ አንበሳ መነጽር ምን ያደርግለታል?

ይልማ፦ የሎተሪ ማስታወቂያ መሰለኝ። ሰሞኑን በክብ ነገር ውስጥ ሆኖ ብቅ ይላል። ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤ እኔ ግን መነጽሬን ቤት እረሳለሁ። ጫን አድርጌው እገላገላለሁ። ወደ ልጅህ እንመለስ።

(የታምሩ ትንሽዬ ስልክ ይጠራል።)

ታምሩ፦ ሄሎ፣ አባይነሽ… መቼ? አሁን?… አሁኑኑ አይታ?… እሺ፣ እሺ፣ እየጠየቅኋቸው ነው። (ይዘጋል) አሁን ደግሞ ጽፎላት፣ አሁኑኑ አይታ ዝም አለችው። ትራሱን ነክሶ በአፉ ተደፍቷል አለችኝ።

ይልማ፦ ትራስ መንከስ ጥሩ ነው። ምግብ ሲናፍቅ ነው ትራስ የሚነከሰው። አሁን ከሥሩ ላስረዳህ። ፌስቡክ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ሽምግልና ነው፤ ጋቢው ብቻ የለም። ኤልናታን መጀመሪያ ምን አደረገ? ልጅቷን «አድ» አደረጋት። እሱ ሽማግሌ መላክ ነው።

ታምሩ፦ (ከወንበሩ ብድግ ይላል) ሽማግሌ ልኳል? ለእኔ ለአባቱ ሳይነግር? ማንን ላከ?

ይልማ፦ ማንንም አልላከም! ቁልፍ ነው የተጫነው።

ታምሩ፦ በአንድ ቁልፍ ስንት ሽማግሌ ይሄዳል?

ይልማ፦ (አሰብ አድርጎ) ሦስት ይሆናል። ተቀመጥ። ከዚያ የሴት ወገን ያጣራል። «ሚውቹዋል» ብሎ ይጽፍልሃል። ሁለቱም የሚያውቋቸው ሰዎች ማለት ነው። ይኼ ዘር ቆጠራው ነው። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንዳይገኝ።

ታምሩ፦ (እጁ ላይ ያለው ዓሳ ይወድቃል) ወየው ጉዴ! ሚውቹዋል አይቻለሁ! ከልጅቷ ጋር ከመቶ በላይ አላቸው። እህቱ ናት በሉኛ!

ይልማ፦ እህቱ አይደለችም። የክፍል ልጆች ናቸው።

ታምሩ፦ ከመቶ በላይ?

ይልማ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነዋ። ሪፖርት ላይ ሃምሳ ናቸው፤ ፌስቡክ ላይ ግን ሁሉም ይታያሉ።

ታምሩ፦ ግሩፕ የሚሉትስ?

ይልማ፦ እሱ አንድ ለአምስት ነው።

ታምሩ፦ እንደ ቀበሌያችን?

ይልማ፦ እንደ ቀበሌያችን። ልዩነቱ፣ እዚያ ሰው ወዶ ነው የሚገባው። ገብቶም የልቡን ይናገራል። (ግራና ቀኙን ያያል) ይኼን የመጨረሻውን እኔ አላልኩም።

ታምሩ፦ የቱን?

ይልማ፦ ጎበዝ። እንደዚያው ቀጥል።

ታምሩ፦ እሺ፣ ሲኑን ይንገሩኝ። ልጄን የገደለው ሲኑ ነው።

ይልማ፦ ሲን ማለት አየች ማለት ነው። መልእክቱ ደርሷታል፣ ከፍታዋለች፣ አልመለሰችም።

ታምሩ፦ ንቃዋለች ማለት ነዋ!

ይልማ፦ ኧረ ተው! ላንተ ልንጠይቅ የአባይነሽ አባት ቤት የሄድን ዕለት ምን አሉን?

ታምሩ፦ «ውሻውን እሰሩት» አሉ።

ይልማ፦ ከውሻው በኋላ!

ታምሩ፦ «ተመካክረን እንነግራችኋለን»።

ይልማ፦ እኮ! ወዲያው እሺ አሉ? አላሉም። ወዲያው እሺ የሚል ቤት ልጅቷን ሊገላገል የፈለገ ቤት ነው። «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ያለ ቤት ግን ግማሽ መንገድ መጥቷል። ሲን ማለት እሱ ነው። የልጅቷ ልብ ቁጭ ብሎ እየተመካከረ ነው። ግማሽ እሺታ ነው ያገኘው፣ ልጅህ ግን ትራስ ይነክሳል።

ታምሩ፦ እምቢ ብትልስ? ወይም አባቷ እምቢ ቢል?

ይልማ፦ እምቢ ያላለ የሴት አባት አይተህ ታውቃለህ? የመጀመሪያው እምቢታ ለክብሩ ነው። ሁለተኛው ለጎረቤት ወሬ ነው። እኔ የሴት አባት እምቢ ሲለኝ «ነገሩ ተሳካ» ብዬ ነው ከቤቱ የምወጣው።

ታምሩ፦ (በአድናቆት) ይኼን ሁሉ ከየት አወቁት?

ይልማ፦ ማስተዋል ነው። ወጣቶቹ ባጃጅ ውስጥ ሲያወሩ ጆሮዬን አቀናለሁ፤ ቃሏን ይዤ ቤቴ ገብቼ አሰላስላለሁ። «ኮምፕሊኬትድ» ሲሉ ምንድነው? ጥሎሽ ላይ አልተስማሙም። «ኦንላይን» ብሎ አረንጓዴ ሲያበራ? በሩ ገርበብ ብሏል። «ብሎክ» ሲሉ ደግሞ…

ታምሩ፦ ውሻው ተፈታ?

ይልማ፦ (ይደነቃል) ታምሩ! ገባህ!

(ስልኩ «ጢው» ይላል። ይልማ ሳያየው በአንጓው ጫን ያደርጋል።)

ታምሩ፦ አንበሳው ነው?

ይልማ፦ አንበሳው ነው። ይኼ ሎተሪ ሳያወጣልኝ ሰላም ነሳኝ።

(የታምሩ ስልክ ይጠራል።)

ታምሩ፦ አባይነሽ፣ ደስ ይበልሽ! ግማሽ እሺታ ነው ብለዋል… ምን?… አሁንም አይታ ዝም?… ምኑን ነው የሚያሽገው?… የት?… ጋሪ?! (ስልኩን በሁለት እጁ ይይዛል) ያዢው! በሩ ላይ ቁሚ! ስደርስ… አዎ፣ ከጋሽ ይልማ ጋር ነኝ… እሺ። (ይዘጋል) አለቀልን። ልብሱን እያሸገ ነው። ማትሪክ አልቀመጥም፣ ቱላ አጎቴ ጋ ሄጄ የአህያ ጋሪ እነዳለሁ ብሏል። ጋሽ ይልማ፣ እኔ ጎማ ስነፋ የኖርኩት ይኼ ልጅ ብዕር እንዲይዝ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬው በመጨረሻው ቀን ወደ ጋሪ!

ይልማ፦ (በቁጣ እጁን በወረቀት ይጠርጋል) የማን ልጅ ናት ለመሆኑ?

ታምሩ፦ ስሟን አይነግረኝም። ፌስቡኳ ላይ «ኩዊን» ነው የሚለው።

ይልማ፦ ኩዊን! ንግሥት! አየህ፣ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። በራሷ ላይ ዘውድ ስትጭን ቤት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ አባት አለ። ዓይን አለው አያይም፣ ጆሮ አለው አይሰማም። ልጆቹ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል መሰለህ? ፋራ!

ታምሩ፦ ፋራ።

ይልማ፦ የእኔን ሩት እይ። እሷም ነገ ትፈተናለች። ከመጽሐፍ ሌላ የምታየው የለም። ማትሪክ እስክትጨርስ ስልክ በእጇ የለም። አባት ማለት እንዲህ ነው።

ታምሩ፦ የኩዊን አባት ቢገኝ ምን ይፈረድበታል?

ይልማ፦ (ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ ድምፁን የሽማግሌ ያደርጋል) ለፈተና ተማሪ መልስ አይዘገይም። አባትየው ዛሬውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በሽማግሌ ፊት በገዛ አፉ ቃሉን ይስጥ። «እናንተ ጴንጤ ናችሁ፣ እኛ ኦርቶዶክስ» እንዳይል። ዛሬ የተጠየቀው ሰርግ አይደለም፣ መልስ ነው፤ መልስ ደግሞ ሃይማኖት የለውም። ይኼ ፍርዴ ነው። ቤቱን ብቻ አሳየኝ፣ ጋቢዬን ደርቤ እሄዳለሁ።

ታምሩ፦ እንዴት ብለው ይገባሉ? በጽሑፍ ዝም ስላለች ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል?

ይልማ፦ እኔ እጀምረዋለኋ! ና እንለማመድ። አንተ የኩዊን አባት ሁን። (ጉሮሮውን ይጠርጋል) ቤቶች! ለጉዳይ ነበር አመጣጣችን።

ታምሩ፦ እሺ።

ይልማ፦ ምኑን እሺ አልክ? ጉዳዩን ገና አልነገርኩህም!

ታምሩ፦ እርስዎ ከሆኑ የመጡት ምን እላለሁ?

ይልማ፦ አትሆንም። እግዜር ሴት ልጅ ያልሰጠህ ወዶ አይደለም። እንቀያየር። አባትየው እኔ ልሁን፣ አንተ ሽማግሌ። ከዚያ ጥግ ቆመህ ጀምር። (አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ነፋ ያደርጋል) እኔ የኩዊን አባት ነኝ። ማነው በሬን የሚያንኳኳ?

ታምሩ፦ (የዳሱን ምሰሶ ያንኳኳል) ቤቶች! እኔ ታምሩ ነኝ፣ ጎሚስታው። ልጄ መልእክት ላከ፤ ከእርስዎ ቤት ታየ፤ መልስ የለም።

ይልማ፦ (እንደ አባት) ከእኔ ቤት? በፍጹም! የእኔን ልጅ ስም እንዳታነሳ! (በሹክሹክታ) አየህ? እንዲህ ነው የሚለው። አሁን አትፍራ፣ ግፋ።

ታምሩ፦ አይ፣ ከእርስዎ ቤት ነው የታየው።

ይልማ፦ (እንደ አባት) ማስረጃህን አምጣ!

(የታምሩ ስልክ ይጠራል።)

ታምሩ፦ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ… አባይነሽ፣ አሁን የሰው ቤት ገብቻለሁ… የመጨረሻ?… አሁን ይልካል?… ከዚህ በኋላ አይታ ዝም ካለችው ሄደ ማለት ነው?… (ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ) የመጨረሻውን እየላከ ነው፣ ጋሽ ይልማ።

(የይልማ ስልክ «ጢው» ይላል። ይልማ የትንሿን ጣቱን አንጓ ወደ መስታወቱ ይልካል። ታምሩ ስልኩን ጥሎ የይልማን እጅ አየር ላይ ይይዛል።)

ታምሩ፦ አይንኩት!

ይልማ፦ ምን ሆንክ? አንበሳው እኮ ነው!

ታምሩ፦ አንበሳው በጮኸ ቁጥር እርስዎ ይጫናሉ። እርስዎ በተጫኑ ቁጥር አባይነሽ ትደውላለች። እኔ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ፣ ግን ሲገባኝ ይገባኛል። እጅዎን ያንሱ። (አጎንብሶ ፊደል በፊደል ያነባል) «ኩዊን፣ ይኼ የመጨረሻዬ ነው። ተቀይመሽኝ ከሆነ ተቀይሜሃለሁ በይኝ። አይተሽ ዝም ካልሽኝ ነገ አልፈተንም፣ ቱላ ነኝ። ኤሉ።» (አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ያራግፋል።) ኤሉ የምንለው ኤልናታንን ነው። አንበሳውም በፎቶው ቦታ ያደረገው ነው ማለት ነው።

ይልማ፦ ሎተሪ አይደለም?

ታምሩ፦ ስልኩ የማን ነው?

ይልማ፦ የ… እኔ ነኝ የገዛሁት።

ታምሩ፦ ለማን?

ይልማ፦ ለሩት። ማትሪክ እስክትጨርስ ብዬ ቀማኋት። ከእኔ ኪስ የበለጠ ቁም ሣጥን የት አለ ብዬ…

ታምሩ፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል) ቆይ፣ ልቁጠረው። ኩዊን ሩት ናት። ሩት ስልክ የላትም። ስልኩ እርስዎ ጋ ነው። ስለዚህ ሰሞኑን ሙሉ ልጄን ሲን ሲያደርጉት የከረሙት እርስዎ ነዎት!

ይልማ፦ እኔ ማንንም ሲን አላደረግሁም! ጫን ነው ያደረግሁት!

ታምሩ፦ አንበሳው እንኳ መነጽር አድርጓል፣ ጋሽ ይልማ። እርስዎ ቤት ረስተው ነው የሚመጡት።

ይልማ፦ (ነገሩ አሁን ይገባውና ብድግ ይላል) ቆይ እስቲ! ያንተ ልጅ ከእኔ ልጅ ምን ጉዳይ አለው? ማነው የፈቀደለት? ኩዊን የሚላት እሱ ማነው?

ታምሩ፦ ይቀመጡ። ልምምዱ አላለቀም። አባትየው እርስዎ ነዎት፣ ሽማግሌው እኔ።

ይልማ፦ ጨዋታ ነበር እሱ!

ታምሩ፦ ልምምዱ ጨዋታ ነበር። ፍርዱ ግን ከልምምዱ በፊት ነው የተፈረደው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብለዋል። በገዛ አፉ ብለዋል። (ወደ ሐይቁ ያያል) እየጠለቀች ነው።

ይልማ፦ እሺ፣ እሺ። ልጁ ይፈተን፣ በእኔ ሰበብ ጋሪ አይንዳ። ልመልስለት። (ስልኩን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ወደ ብርሃኑ ያዞራል) ታምሩ… መልሱ የት ነው የሚጻፈው?

ታምሩ፦ አያውቁትም?

ይልማ፦ እኔ የማውቀው ትርጉሙን ነው።

ታምሩ፦ እኔ ደግሞ ትርጉሙንም አላውቅም። ስለዚህ በአፍዎ ይንገሩኝ፣ እኔ አደርስለታለሁ። ምን ልበለው?

(ይልማ አባ ኮዳዎቹን ያያል። አባ ኮዳዎቹም ያዩታል። ያልደረበውን ጋቢ ትከሻው ላይ የሚያስተካክል ይመስል እጁን ያንቀሳቅሳል።)

ይልማ፦ (በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ) ተመካክረን… እንነግራችኋለን።

ታምሩ፦ (የወደቀውን ስልክ ከመሬት ያነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል) ሄሎ! አለሽ አባይነሽ?… ሻንጣውን ንጠቂው! አባቷ ተገኝቷል። በገዛ አፉ «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ብሏል!… አዎ፣ ግማሽ እሺታ ነው፤ ከትልቅ ሽማግሌ ነው ያጣራሁት… ልጅቷም አልተቀየመችውም፣ መልእክቱንም አላየችውም፤ ያየላት ሌላ ሰው ነው… ማን እንደሆነ ቤት ስመጣ፣ ቁጭ ብለሽ ነው የምትሰሚው… በላ? ዳቦ በላ? እሰይ!

ይልማ፦ ታምሩ! ዝጋው! ግማሽ እሺታ አይደለም! እኔ እምቢ ማለቴ ነው፣ እምቢ! ሰማህ?

ታምሩ፦ (ስልኩን በእጁ ሸፍኖ፣ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብሎ) ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ይልማ። (ወደ ስልኩ) አባይነሽ፣ ነገሩ ተሳካ!